ባልንጀርነት የሚሸፍነው፣ ፉክክር የሚገልጠው፦ በመኪና ሞተር የሚበሩ አውሮፕላኖችን በእጃቸው ስለሚሠሩ ሰዎች

በገዛ ጋራዣቸው አውሮፕላን ሠርተው በመኪና ሞተር የሚያበሩ ሰዎች በተነሡ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሳው ባልንጀርነታቸው ነው። አንዱ የሌላውን ክንፍ ገልብጦ ለማስቀመጥ ቅዳሜውን ይሰዋል፤ አንዱ ጋራዥ ያለው መበየጃ የሰፈሩ ሁሉ መበየጃ ነው፤ ሦስት ዓመት የተለፋበት ንድፍ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ፉክክራቸው ግን እንደ ጉድፍ ይቆጠራል። የቮልስዋገን ወገን የሱባሩን ወገን ያናንቃል፤ የማዝዳ ሮታሪ ወዳጅ ፒስተን ያለውን ሞተር ሁሉ እንደ ጥንት ቅርስ ያያል፤ ሁሉም በአንድነት ደግሞ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራውን ሞተር በብዙ ሺህ ዶላር የገዛውን ሰው «ባለጸጋው» እያሉ ይቀልዱበታል። ታዛቢዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሱበት ድምዳሜ ባልንጀርነቱ ሊጠበቅ፣ ፉክክሩ ሊለዝብ ይገባል የሚል ነው። ይህ ድምዳሜ ግን ጉዳዩን ገልብጦ ያየዋል። የሞተር መቆም የሰው ሕይወት በሚያስከፍልበት ሥራ ውስጥ ጉድለትን አደባባይ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ፉክክሩ ነው፤ ጉድለትን የሚሸፍነው ደግሞ በአንድ ሞተር ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች ለእርስ በርሳቸው ያላቸው ፍቅር ነው።

ነገሩን በቦታው ለማየት አሜሪካን መመልከት ይበቃል፤ የዚህ ሥራ ሰፊው ማኅበረሰብ የሚገኘው እዚያ ነውና። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በ1953 ፖል ፖበረዝኒ በዊስኮንሲን ግዛት የመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ከ1970 ጀምሮ በኦሽኮሽ ከተማ የሚያካሂደው ዓመታዊ ጉባኤም ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይስባል። ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ለጋስ ነው። አንድ ሰው የአውሮፕላኑን ከግማሽ የሚበልጥ ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ እስከ ሠራው ድረስ፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሞተሩን ዓይነት አይመርጥለትም። የሚጠይቀው በጥቅሉ ሲታይ ጥቂት ነው፤ አውሮፕላኑ ሰው በማይበዛበት ክልል የሙከራ በረራ ያድርግ ይላል። የተመሰከረለት ሞተርና ለእርሱ የተፈቀደ ፕሮፔለር የተገጠመለት እንደ ሆነ 25 ሰዓት፣ ያልተመሰከረለት እንደ ሆነ 40 ሰዓት መብረር አለበት። የመኪና ሞተር ያለው ሁሉ በሁለተኛው ወገን ይመደባል። በሁለቱ መካከል ያለው የ15 ሰዓት ልዩነት ሕጉ ለመኪና ሞተር ያለውን ጥርጣሬ በሙሉ የሚገልጽ ቁጥር ነው። የቀረውን ጥርጣሬ ለሠሪዎቹ ትቶታል። ጥያቄውም እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የተተወ ጥርጣሬ ማን ይሸከመዋል?

ፉክክርና ሥራው አብረው የተወለዱ መሆናቸውን ታሪኩ ያሳያል። ራይት ወንድማማቾች ቀላል ሞተር እንዲሠራላቸው ለመኪና አምራቾች ጽፈው የሚመች መልስ ባጡ ጊዜ መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ገደማ 12 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ ሞተር ሠራላቸው፤ በ1903 የበረሩትም በእርሱ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የበርናርድ ፒተንፖል ታሪክ ነው። ፒተንፖል በሚኒሶታ ግዛት ቸሪ ግሮቭ በምትባል መንደር ይኖር የነበረ፣ ሙያውን ራሱን በራሱ ያስተማረ መካኒክ ነበር። የዘመኑ የታወቀ የሙያ መጽሔት አዘጋጅ ዌስተን ፋርመር የመኪና ሞተር ለአውሮፕላን እንደማይበጅ በጻፈ ጊዜ ፒተንፖል የክርክር ደብዳቤ ጽፎ ብቻ አልተቀመጠም። በ1930 ከአንድ ባልንጀራው ጋር በፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር የሚሄዱ ሁለት አውሮፕላኖችን እያበረሩ ወደ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ሄደው አዘጋጁን በዓይኑ አሳመኑት። አዘጋጁም አልተቀየመም፤ ንድፉ በ1932 በዓመታዊው የበረራ መድብል ታተመ፤ «ኤር ካምፐር» የተባለው ይህ አውሮፕላን እስከ ዛሬ ድረስ በየጋራዡ ይሠራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው «አይሆንም» ማለቱ የነገሩ ጠላት አልነበረም። ያ ተቃውሞ ባይኖር ኖሮ አውሮፕላኑ ከቸሪ ግሮቭ መንደር ባልወጣ ነበር፤ ንድፉም በሰው ፊት ሳይፈተን በቀረ ነበር።

ጥርጣሬው ለምን አስፈለገ ለሚል የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። መኪና በአስፋልት ላይ ሲጓዝ ከሞተሩ ጉልበት የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ ሙሉ ጉልበት የሚጠየቀው ዳገት ሲወጣ ወይም ሌላውን ሲቀድም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። አውሮፕላን ግን ሲነሣ ሙሉውን፣ ሲጓዝም ሰባ በመቶ ያህሉን ለሰዓታት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የፕሮፔለር ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት እንዳያልፍ ዙሩ መገደብ አለበት። ለአውሮፕላን የተሠሩት የታወቁ የላይካሚንግ ሞተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን በደቂቃ 2,700 ዙር ገደማ ይሰጣሉ፤ የዘመኑ የመኪና ሞተር ግን ያንን ለመስጠት ከ5,000 ዙር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሠሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር በቀጥታ ከፕሮፔለሩ ጋር አገናኝቶ ጉልበቱን ይሰዋል፤ ወይ ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ ወይም ቺንጋ በመካከል ያስገባል። በኢትዮጵያ ጎዳናዎች «ቮልስ» እየተባለ የኖረው የጀርመን መኪና ሞተር በአብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ ይሄዳል፤ ሱባሩና ማዝዳ ሁለተኛውን።

ሁለተኛው መንገድ በዓይን የማይታይ ጠላት አለበት። አራት ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል። እያንዳንዱ ተኩስ ክራንክሻፍቱን በጥቂቱ ጠምዝዞ ይለቀዋል። በአንድ ጫፍ ከባድ ፕሮፔለር፣ በሌላው ጫፍ ሞተር፣ በመካከል ቀጭን ዘንግና ማርሽ ሲኖር ይህ ሁሉ እንደ ክራር አውታር የራሱ የመርገብገቢያ ቁጥር ይኖረዋል። የተኩሱ ቁጥር ከዚያ ጋር ከገጠመ ጥምዘዛው እየበረታ ይሄዳል፤ ብረቱም ከውስጥ መድከም ይጀምራል። በመኪና ውስጥ የፍሪሲዮኑ ሞላዎችና ጎማው ይህን ያለዝቡታል፤ በአውሮፕላን ላይ ግን እነርሱ የሉም። የሚከፋው ደግሞ ብረት ሲደክም ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። ሞተሩ እስከሚሰበርበት ደቂቃ ድረስ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል፤ ጆሮው የሠለጠነ መካኒክም አይለየውም።

ከዚህ የተነሣ «የእኔ ሞተር 200 ሰዓት ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም» የሚለው የየስብሰባው ምስክርነት ከሚመስለው እጅግ ያነሰ ዋጋ አለው። ለተመራማሪዎች የታወቀ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ምንም ብልሽት ያልታየበት የሰዓት ብዛት ለሦስት ሲካፈል፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ሊባል የሚችለውን የብልሽት ወሰን ይሰጣል። አርባ ሰዓት ያለ እንከን የበረረ ሞተር የሚያረጋግጠው እንግዲህ በአማካይ በየ13 ሰዓቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የማይቆም መሆኑን ብቻ ነው። ሕጉን አሟልቶ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ የሚያሳፍር ሠሪ በእጁ ያለው ማስረጃ ይህ ነው! ሦስት መቶ ሰዓትም ቢበር ማስረጃው በየ100 ሰዓቱ አንድ ከሚለው አያልፍም። ስሌቱ ደግሞ የብልሽቱ ዕድል በዘመኑ ሁሉ እኩል ነው ብሎ ስለሚነሣ እየደከመ ለሚሄድ ብረት ከሚገባው በላይ ቸር ነው። አንድ ሰው ብቻውን በዕድሜው በቂ ሰዓት ሊያጠራቅም አይችልም። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 150 ሰዓት ይዘው በአንድነት ቢቆጥሩት ግን ወሰኑ ወደ 500 ሰዓት ይርቃል። ባልንጀርነት የግድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓትን መደመር የሚቻለው ተማምነው ከሚነጋገሩ ሰዎች ጋር ነውና። ነገር ግን ድምሩ ዋጋ የሚኖረው የቆሙት ሞተሮች ከሚሠሩት ጋር እኩል ሲቆጠሩ ነው። አንድ የተሰበረ ክራንክሻፍት በዝምታ ከታለፈ የአሥሩ ሰዎች ድምር ሐሰት ይሆናል።

የኮርቬር ሞተር ታሪክ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ሸቭሮሌ ኮርቬርን ከ1960 እስከ 1969 ሠራ፤ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ በመሆኑ መልኩ ራሱ የአውሮፕላን ሞተር ይመስላል። ፒተንፖልም በ1960ዎቹ ፎርዱን ትቶ ወደዚሁ ሞተር ዞሯል። ሞተሩ በደህና አገለገለ፤ በዝግተኞቹ አውሮፕላኖች ላይ መልካም ስም አተረፈ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን፣ ይበልጥ ፈጣን በሆኑት ላይ ሲገጠም ክራንክሻፍቱ በበረራ ላይ መሰበር ጀመረ። በመኪናው ውስጥ ያ ዘንግ የሚሸከመው ጥምዘዛን ነበር፤ ከጫፉ ላይ ፕሮፔለር ሲንጠለጠልበት ግን አውሮፕላኑ በታጠፈ ቁጥር ዘንጉን ወደ ጎን የሚያጎብጥ ኃይል ተጨመረ፤ ያንን የሚቀበል ኩሽኔት በዚያ በኩል አልነበረም። በመጀመሪያ መልስ የተፈለገው ከብረቱ ገጽ ነበር፤ ዘንጉን በናይትሮጅን ማጠንከርና የማዕዘኖቹን ክብ ማስፋት ተጀመረ። ቀጥሎ ከፕሮፔለሩ ጥግ ጭነቱን የሚሸከም አምስተኛ ኩሽኔት መጨመር መጣ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ አምስተኛ ኩሽኔት አንድ ሳይሆን በተለያዩ ሰዎች እጅ በየፊናው የተነደፈና በገበያ ላይ የተፎካከረ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ነዳፊ የራሱን ለማስመረጥ የተሰበሩትን ዘንጎች ማሳየት፣ የስብራቱን ቦታ ማስረዳት ነበረበት። ፉክክሩ ስብራቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። የአንድ ሞተር ወገኖች ለብዙ ዓመት አብረው ሲሠሩ ሞተሩ የጋራ ስማቸው ይሆናል። ያን ሞተር መንቀፍ የቤተሰብን ስም መንቀፍ ይመስላል። አንድ አባል ሞተሩ ቆሞበት ሜዳ ላይ በሰላም ሲያርፍ የሚሰማው ወሬ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ጀግንነቱ ይሆናል። ጥፋቱ ለነዳጅ ቧንቧው፣ ለባትሪው፣ ለሽቦው ይሰጣል፤ «ሞተሩ ራሱ ግን ምንም አልሆነም» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የሞተሩ ልብ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ ማቀዝቀዣው፣ የነዳጅ መስመሩ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ዙር ቀናሹ። ለአውሮፕላን የተሠራው ባህላዊ ሞተር ሁለት ማግኔቶዎች ስላሉት ባትሪው ቢሞትም ይተኩሳል፤ በኮምፒውተር የሚታዘዘው የመኪና ሞተር ግን ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቅጽበት ይጠፋል። ታዲያ በአየር ላይ ላለው ሰው ይህ ልዩነት ምን ይጠቅመዋል? ሽቦው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚበር አካል ነው። «ሞተሩ ምንም አልሆነም» የሚለው አነጋገር የሞተሩን ስም ያድናል፤ የሚቀጥለውን አብራሪ ግን አያድንም።

ሰው የሞተ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። አማርኛ ተናጋሪ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል የሟችን ስሕተት አያነሣም፤ ይህ ጨዋነት በዊስኮንሲንም ሆነ በካሊፎርኒያ በሌላ ቃል ይኖራል። በቀብሩ ሰሞን ጓደኞቹ «የሚወደውን እየሠራ አለፈ» ይላሉ። የመርማሪው ሪፖርት ግን ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚወጣው፤ እስከዚያ ድረስ ሐዘኑ ወደ ወግ ተለውጦ፣ ወጉም ጸንቶ ይቆያል። ለሟች የሚገባው ክብር እና በሕይወት ላሉት የሚገባው መረጃ እዚህ ላይ ይጋጫሉ። መረጃው መቅደም አለበት ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ያንኑ ዘንግ አንጠልጥሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚነሣ ሌላ ሰው መኖሩ ግን የባሰ ነገር ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ ዳያን ቮን ስለ ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር አደጋ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳየችው ይህን መሰል ሂደት ነው፤ ከመለኪያ የወጣ ነገር ጉዳት ሳያደርስ ጥቂት ጊዜ ካለፈ እንደ መደበኛ ይቆጠራል፤ ይህም የሚሆነው በክፉዎች መካከል ሳይሆን እርስ በርስ በሚተማመኑ፣ ሥራቸውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ አለቃና ደንብ በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ምን ይከለክለዋል?

የፈረንሳዊው የአንሪ ሚንየ «የሰማይ ቁንጫ» ለዚህ የቆየ ምስክር ነው። ሚንየ በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ማንም ሰው በቤቱ አውሮፕላን ሊሠራ እንደሚችል አስተማረ፤ በእንግሊዝ አገርም ብዙ ወጣት በክበብ በክበብ ሆኖ ሥራውን ጀመረ፤ ከፎርድ 10 መኪና የተወሰደው ሞተርም ለዚሁ ተለውጦ ተገጠመ። ያንን ዘመን የሚገልጹ ጽሑፎች በደስታና በወንድማማችነት የተሞሉ ናቸው። ከዚያ በ1935 እና በ1936 አውሮፕላኑ ወደ ታች አፍንጫውን ደፍቶ የማይመለስበት የሞት አደጋ ተደጋገመ። መልሱ ከክበቦቹ አልመጣም። በእንግሊዝ ፋርንቦሮና በፈረንሳይ ሻሌ ሙዶን ያሉት የነፋስ ዋሻዎች አውሮፕላኑን በሙሉ አካሉ ፈትነው፣ ከተወሰነ ማዕዘን በኋላ ሁለቱ ክንፎች ተጋግዘው አፍንጫውን እንደሚደፉት አሳዩ። ጥፋቱ በሞተሩ አልነበረም፤ ለተነሣው ነገር ግን ያው ነው። ለአንድ ንድፍ ፍቅር የሌለው ሰው በቀዝቃዛ ዓይን ያየው ጉድለት፣ በፍቅር የተያያዙት ሰዎች በየሳምንቱ አብረው ሲበሩበት ነበር።

ፉክክር ሁሉ ግን ይጠቅማል ማለት አይደለም። በአፍ የሚካሄደው ፉክክር ከባልንጀርነቱ የባሰ ነው። በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ «የአፍ የፈረስ ጉልበት» ሊባል የሚገባው ነገር በብዛት አለ፤ አንዱ 160 ሲል ሌላው 180 ይላል፤ ማንም አልለካም። መለካት ግን ከባድ አይደለም። 600 ኪሎግራም የሚመዝን አውሮፕላን በሰከንድ 5 ሜትር ከፍታ እየጨመረ ከወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 29 ኪሎዋት፣ ማለት ወደ 40 የፈረስ ጉልበት እያወጣ ነው። ሚዛን፣ የከፍታ መለኪያና የእጅ ሰዓት ካሉ የተነገረው ቁጥር ከሰማዩ ጋር ይስማማ አይስማማ እንደ ሆነ በአንድ ጠዋት ይታወቃል። ፉክክር ዋጋ የሚኖረው ከተፎካካሪዎቹ የማንም ባልሆነ ነገር ሲለካ ነው።

በ1970ዎቹ ጆን ሞኔት «ሶነራይ» የተባለውን አውሮፕላኑን የነደፈለት የቮልስዋገን ሞተር እሽቅድምድም ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። የሞተሩ መጠን በ1,600 ሲሲ ስለ ተገደበ ማንም በትልቅ ሞተር ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ሁሉም ያንኑ ትንሽ ሞተር እስከ ዳር ገፍቶ ይፈትን ነበር። የእሽቅድምድም ሜዳ ሚስጥር ለረጅም ጊዜ የማይጠበቅበት ቦታ ነው፤ የሞተሩ ክዳን ይከፈታል፤ የተቃጠለ ቴስታታ ወይም ነጭ ሆኖ የወጣ ካንዴላ ተቃራኒው ወገን እያየው ይወጣል። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ ይደረግ የነበረው የቁጠባ ውድድር ደግሞ በፍጥነት ብቻ አልፈረደም፤ የተቃጠለውን ነዳጅና የተሸከመውን ክብደት አብሮ ቆጠረ። አውሮፕላኑ በሚዛን ላይ ይወጣ ነበር። ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ስለ ክብደቱ ማውራት ያቆማል። በዚያ ውድድር የተሳተፉት አብዛኞቹ በአውሮፕላን ሞተር የሚበሩ ቢሆኑም ሥርዓቱ ለመኪና ሞተር ሠሪዎች ይበልጥ ያስፈልግ ነበር። የገበሬ ደቦ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አጫጆች እየተፎካከሩ ነው የሚረዳዱት፤ ወደ ኋላ የቀረው በዜማ ይነካል፤ የታጨደው ግን በሁሉም ፊት የሚታይ ነው፣ በወሬ አይጨምርም።

ፉክክሩ የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋም አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሚዛን ማጉደል ይሆናል። የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁሩ ሮበርት አለን በ1983 «የጋራ ፈጠራ» ብሎ በሰየመው ጥናቱ በእንግሊዝ ክሊቭላንድ የነበሩ የብረት ማቅለጫ ባለቤቶች የምድጃቸውን ቁመትና ሙቀት እርስ በርስ እየተነጋገሩ እንዴት እንዳደጉ አሳይቷል። እነርሱ ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ምድጃቸው ግን ተመሳሳይ ስለ ነበር የአንዱ ውጤት ለሌላው ትርጉም ነበረው። የመኪና ሞተር ሠሪው ብዙ ጊዜ ይህን ያጣል። ከጎረቤቱ ለመብለጥ ሲል ማርሹን ይለውጣል፣ ፕሮፔለሩን ከእንጨት ወደ ብረት ያዞራል፣ የራሱን የነዳጅ መርጫ ይጨምራል። የፕሮፔለሩ ክብደት ብቻ ሲለወጥ የዘንጉ የመርገብገቢያ ቁጥር ይለወጣልና፣ የጎረቤቱ 500 ሰዓት ለእርሱ ሞተር ምስክር መሆኑ ያበቃል። አዲስ ሞተር፣ ዜሮ ሰዓት። በሌላ በኩል ከሠሪዎቹ መካከል አንዳንዱ ወደ ሻጭነት ይሸጋገራል፤ ትናንት ምክር ይሰጥ የነበረው ሰው ዛሬ ዙር ቀናሽ ይሸጣል። ያን ጊዜ ስለ ተሰበረ ማርሽ መናገር ወዳጅነትን ብቻ ሳይሆን እንጀራንም ይነካል። ወዳጁ ስለ ሆነ የሚራራለት፣ ደንበኛው ስለ ሆነ የሚያምነው ሰው በዙሪያው ካለ፣ ዝምታው ድርብ ይሆናል።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ያወጣው ጥናት ያሳያል። ጥናቱ የሚመለከተው በግለሰብ የተሠሩ አውሮፕላኖችን በሙሉ ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ የግል አቪዬሽን አውሮፕላኖች አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆኑ፣ በ2011 ከደረሱት አደጋዎች 15 ከመቶ ያህሉ፣ ሰው ከሞተባቸውም 21 ከመቶ ያህሉ የእነርሱ ነበሩ። በአደጋዎቹ ውስጥ ጎልተው የወጡት ምክንያቶች የሞተርና የተጓዳኝ ክፍሎቹ መበላሸት እንዲሁም በበረራ ላይ መቆጣጠር ማጣት ናቸው። አደጋ ከደረሰባቸው ከግማሽ በላይ የሆኑት ከሠሪው እጅ በግዢ ወደ ሌላ ሰው የተላለፉ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ገዢው በዚያ የቅዳሜ ስብሰባ አልነበረም። ሠሪውና ጓደኞቹ በቃል የሚያውቁትን፣ ስለ ጨዋነት በወረቀት ያላሰፈሩትን ነገር አያውቅም። «ያ ቺንጋ በየ50 ሰዓቱ ይለወጣል» የሚለው ዕውቀት በአምስት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ሲኖር አውሮፕላኑ ግን ለስድስተኛው ተሽጧል።

መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሕጉን ማጥበቅ ነው። የሙከራ ሰዓቱን ከ40 ወደ 100 ማሳደግ እንኳ ከላይ በታየው ስሌት መሠረት ወሰኑን ከ13 ወደ 33 ሰዓት ብቻ ያርቀዋል፤ ብዙ ሰውን ያሰለቻል፣ ዕውቀትን ግን ብዙም አይጨምርም። ከዚህ የሚሻለው በእጅ ያለውን ማስተካከል ነው። የሙከራ አውሮፕላን ማኅበሩ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ የቴክኒክ አማካሪዎች አሉት፤ እነርሱ ሥራው ገና ሳይሸፈን መጥተው ያያሉ። ሠሪው አማካሪውን ሲመርጥ ግን በተፈጥሮ የራሱን ሞተር የሚወድ ሰው ይመርጣል። ይህ ልማድ ቢገለበጥ መልካም ነው። የሱባሩን ሥራ የላይካሚንግ ሰው ይየው፤ የኮርቬሩን የቮልስ ሰው። ያ ሰው በሞተሩ ላይ እምነት የለውም፤ ስለዚህም እንግዳ የሆነበትን ሁሉ ይጠይቃል፤ ለጥያቄውም መልስ መፈለግ ግድ ይሆናል። ፌዝ ቢቀላቀልበትም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ነገር በየሞተሩ ዓይነት የሚያዝ መዝገብ ነው፤ በእርሱ ላይ የተሰበረው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከመሰበሩ በፊት የሠራበት ሰዓትና ያልተሰበሩት የሠሩበት ሰዓት አብሮ ይጻፍ። ተካፋይ ያለ አካፋይ ወሬ እንጂ መረጃ አይደለም። መዝገቡንም የሚይዘው ለዚያ ሞተር ዕቃ የማይሸጥ ሰው ይሁን።

እንዲህ ያለ መዝገብ ቢጀመር መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች ከማኅበረሰቡ የወጡት ናቸው። በየዓመቱ አንዳንድ ሠሪ የመኪና ሞተሩን አውርዶ የአውሮፕላን ሞተር ይገጥማል። ይህን ሲያደርግ በስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ጓደኞቹም እንደ ከዳ ስለሚያዩት ምክንያቱን ደፍረው አይጠይቁትም። አንዳንዱ አውሮፕላኑን ያልተጨረሰ አድርጎ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ከመሬት ሳይነሣ በራዲያተሩ ሙቀት ተሸንፎ ተወው። እነዚህ ሰዎች አልሞቱም፤ ስለዚህ በመርማሪ ሪፖርት ውስጥ የሉም። ሞተራቸውም ስለማይበር በደስተኞቹ ድምር ውስጥ አይቆጠሩም። ለምን እንዳወረዱት፣ በስንተኛው ሰዓት፣ የትኛው ክፍል እንዳሳሰባቸው የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ የወረደው ሞተርም ብዙውን ጊዜ እስከ አሁን በጋራዣቸው ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።